ሰነዱ የማን ነው?

«ለምን ፈለግኸው?» አሉኝ የወረዳችን ሹም። የጠየቅሁት ለድልድያችን ያዋጣነው ገንዘብ ምን ላይ እንደዋለ የሚያሳየውን ሰነድ ነው። ድንቄም! ያዋጣን እኛ፣ ምክንያት አቅራቢዎችም እኛ!

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 መረጃ የማግኘትን መብት ደንግጓል። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ ለመልስ 30 ቀን ቆርጧል፤ እምቢ የሚል መሥሪያ ቤትም ምክንያቱን በጽሑፍ ይስጥ ይላል። እኔ ያገኘሁት በቃል «ነገ ና» ነው፤ በነገውም «ቁልፍ ያዡ ሥልጠና ሄዷል»። መዋጮው ሲሰበሰብ ግን ቁልፍ ያዥ የጠፋበትን ቀን አላስታውስም።

አቤት የሚባልበት እንባ ጠባቂ ተቋም አለ፤ ዳሩ ግን «ነገ ና»ን ማስረጃ አድርጌ ልሂድ? ስለዚህ ማመልከቻዬን በሁለት ቅጂ ጽፌ መዝገብ ቤት አስገባሁ፤ በቀሪው ላይም ቀንና የገቢ ቁጥር አስጻፍሁ። ሠላሳውን ቀን እየቆጠርሁ ነው።