የመድኃኒትን ስም አጥርቶ መጻፍ

በዩጋንዳ ዋና ከተማ በካምፓላ፣ ካባላጋላ በተባለው ሠፈር ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። እስቲ ከእነርሱ መካከል አንዲት ባልቴት በድንገት ታመው ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ተወሰዱ እንበል። ራሳቸውን ስለ ሳቱ መናገር አይችሉም። በመቀነታቸው በቋጠሩት ወረቀት ላይ ግን የሚወስዱት መድኃኒት ስም በአማርኛ ተጽፏል፤ «ሜትሮሚን» ይላል። ሐኪሙ ፊደላችንን ስለማያውቅ አብሯቸው የመጣው የልጅ ልጃቸው ያነብለታል። ሐኪሙም ግራ ይጋባል።

ጽሑፉ ሜትፎርሚን ለማለት ከሆነ፣ በስኳር በሽታ የተያዘ ሰው በየዕለቱ ለረጅም ዘመን የሚወስደው መድኃኒት ነው። ሜትሮኒዳዞል ለማለት ከሆነ ደግሞ፣ ተሕዋስያን የሚያመጡትን ሕመም ለማዳን አብዛኛውን ጊዜ ለጥቂት ቀናት ብቻ የሚታዘዝ ነው። ሁለቱ በስም ቢቀራረቡም በሥራ እጅግ ይራራቃሉ።

አንዳንዶች «እንዲህ ያለው ወረቀት ከሚያሳስት ባይኖር ይሻላል» ይሉ ይሆናል። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። የተሳሳተ ዝርዝርም ቢሆን ምን መጠየቅና ምን መመርመር እንደሚገባ ይጠቁማል። የሚያስፈራው በግምት አንብቦ መድኃኒት መስጠት ነው።

ሌላም ችግር አለ፤ ይኸውም አንድ መድኃኒት በልዩ ልዩ የንግድ ስም መሸጡ ነው። ፓናዶልና ፓራሲታሞል አንድ መሆናቸውን ያላወቀ ሰው ሁለቱንም ደርቦ ቢውጥ፣ ከመጠን ያለፈው መድኃኒት ጉበቱን ሊጎዳው ይችላል። ለመድኃኒቶች አንድ የጋራ መጠሪያ እንዲኖር፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ1953 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ የስሞች ዝርዝር አውጥቷል። ይህ ስም ከንግዱ ስም ጋር በእሽጉ ላይ ይገኛል።

ባልቴቷ ስሙን እንደ ሰሙት ማስጻፋቸው አያስነቅፍም። የሚያስነቅፈው፣ ማንበብና መጻፍ የምንችለው ልጆቻቸው ወረቀቱን አይተን ዝም ማለታችን ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ተማሪ የወላጆቹን መድኃኒት ስም ከእሽጉ ላይ በላቲን ፊደል አንድ በአንድ ይገልብጥ፤ በአማርኛም ለምን ሕመም፣ በምን ያህል መጠንና በስንት ሰዓት እንደሚወሰድ ይጻፍላቸው። ወደ ሐኪም ሲሄዱም እሽጉን ራሱን ይያዙ። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብለዋል፤ የመድኃኒቱ ስም የተሰወረበት ሐኪምም በሽታውን በቀላሉ አያገኘውም።