አፍ ሳይፈታ የሚታለፍ ስፓኒሽ

በአሜሪካ ኮሌጆች ከውጭ ቋንቋዎች ሁሉ ብዙ ተማሪ የሚመዘገበው ለስፓኒሽ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የተመዘገበው ቁጥር ወደ 584 ሺህ ይጠጋ ነበር። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ያደጉ የእኛ ልጆችም በዚህ ውስጥ አሉበት። የጀማሪውን ኮርስ ጨርሶ መካከለኛው ክፍል የገባ ተማሪ በመጀመሪያው ቀን አንድ ወረቀት ይታደለዋል፦ አትፎርፍ፣ ተዘጋጅተህ ና፣ ክፍል ውስጥ በስፓኒሽ ብቻ ተናገር፣ የቤት ሥራህን በማሽን አታስተርጉም። ተማሪው ይህን እንደ ፖሊስ ደንብ ያነበዋል። መምህሩም ብዙ ጊዜ እንደ ፖሊስ ያስፈጽመዋል፤ ቀሪ ይቆጥራል፣ ኩረጃ ያሳድዳል። በእኔ አስተያየት ወረቀቱ በዛ የሚባል አይደለም፤ እንዲያውም ዋናው ነገር ጎድሎታል። ተማሪው አፉን መፍታት አለበት የሚለው ግዴታ በማርኩ ውስጥ ያለው ቦታ በጣም ጠባብ ስለሆነ፣ አንድ ልጅ በስፓኒሽ ቡና ማዘዝ ሳይችል መካከለኛውን ስፓኒሽ በኤ ሊያልፍ ይችላል።

እስቲ ሰዓቱን እናስላ። የአሜሪካ መንግሥት ዲፕሎማቶቹን ቋንቋ የሚያስተምርበት ተቋም ስፓኒሽን ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ከሚቀሉት ቋንቋዎች መድቦ 30 ሳምንት ገደማ ይሰጠዋል፤ ለአማርኛ የሚሰጠው 44 ሳምንት ገደማ ነው። ይህም ደመወዝ እየተከፈለው ቀኑን ሙሉ ሌላ ሥራ ሳይኖረው ለሚማር ሰው ሲሆን፣ በክፍል ሰዓት ሲሰላ ወደ 600 እና ከዚያም በላይ ይሄዳል። ባለ ሦስት ክሬዲት ኮርስ የወሰደ የኮሌጅ ተማሪ ግን በሴሚስተር የሚያገኘው 45 ሰዓት ነው። ከጀማሪው እስከ መካከለኛው መጨረሻ አራት ሴሚስተር ቢማር 180 ይሆናል፤ ከዲፕሎማቱ ሲሶውን እንኳ አይሞላም። ክፍተቱን የሚያጠብበው ከክፍል ውጭ የሚሠራው ሥራ ነው። የፌዴራል መንግሥቱ የክሬዲት ደንብ ለእያንዳንዱ የክፍል ሰዓት ቢያንስ ሁለት ሰዓት የውጭ ሥራ ይጠብቃል፤ ይህ ሲጨመር 180 የነበረው 540 ይሆናል። ስለዚህ የቤት ሥራ የምታበዛ መምህርት በክሬዲቱ ውስጥ የተከፈለበትን ጊዜ እየጠየቀች ነው እንጂ ጨክና አይደለም። በደርግ ዘመን ወደ ኩባ፣ ወደ ወጣቶች ደሴት የተላኩትን በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች እናስታውስ። ትምህርታቸውን የተከታተሉት በስፓኒሽ ስለነበረ ቋንቋው የዕለት ኑሯቸው ሆነ። ሁሉም የቋንቋ ተሰጥኦ ነበራቸው ማለት አይቻልም፤ ሰዓቱ ግን ነበራቸው።

ሰዓቱ በምን ይሞላ የሚለው ነው ዋናው ጥያቄ። በአሜሪካ የቋንቋ መምህራን በሚመሩበት መለኪያ መካከለኛ ተናጋሪ የሚባለው የሸመደደውን ከመድገም አልፎ የራሱን ዓረፍተ ነገር የሚሠራ፣ ጠይቆ መልስ የሚቀበል፣ ቀላል የዕለት ጉዳይ የሚፈጽም ሰው ነው። ይሳሳታል፤ የውጭ ሰው አነጋገር የለመደ ታጋሽ አድማጭ ግን ይረዳዋል። ከዚህ ደረጃ ጥራት አይጠበቅም፤ የሚጠበቀው የራስ የሆነ ዓረፍተ ነገር ነው። «ትናንት ገበያ ስሄድ ጓደኛዬን አገኘሁ» የሚለውን እንውሰድ። በስፓኒሽ «አየር፣ ኩዋንዶ ኢባ አል መርካዶ፣ ሜ ኤንኮንትሬ ኮን ኡን አሚጎ» ይባላል (መርካዶ ከእኛ መርካቶ ጋር ዘመድ መሆኑን ልብ ይሏል)። ፈተናው ያለው «ኢባ» ላይ ነው። ጀማሪው «ፉዊ» ብሎ ይሳሳታል፤ «ፉዊ» ሄጄ ጨረስኩ ነው፣ «ኢባ» ደግሞ እየሄድኩ ነበር። ይህን ልዩነት አማርኛ ተናጋሪ «ሄድኩ» እና «እሄድ ነበር» እያለ ሲጠቀምበት ኖሯል። «ሜ ዱዌሌ ላ ካቤሳ» ሲባል ግራ የሚጋባው እንግሊዝኛ ተናጋሪው ነው፤ «ራሴን አመመኝ» የሚል ሰው ግን የስፓኒሹ «ሜ» በአመመኝ መጨረሻ ላይ ያለችው የእኛ «ኝ» መሆኗን ያያል። «ሜ ጉስታ» እና «ደስ ይለኛል» እንደዚያው ናቸው። ብዙውን ተማሪ የሚያንገላታው የግስ ቅርጽ እንኳ ሩቅ አይደለም፤ «ትመጣለህ» ከ«እፈልጋለሁ» በፊት ሲገባ ጅራቱን ጥሎ «እንድትመጣ» እንደሚሆን፣ «ቢዬኔስ»ም ከ«ኪዬሮ ኬ» በኋላ «ቤንጋስ» ይሆናል። ቤት ውስጥ አማርኛ እየሰማ ያደገ ልጅ ይህን ሁሉ ሀብት ይዞ ክፍል ይገባና ሁሉንም በእንግሊዝኛ በኩል አዙሮ ይቸገራል። ማንም ስላልነገረው ነው፤ እሱም አፉን ከፍቶ ስላልሞከረው ነው።

ታዲያ ስልኩ በአንድ ሰኮንድ የሚተረጉመውን ነገር ለምን እንልፋበት የሚል ተማሪ አለ። ጥያቄው ከንቱ አይደለም። ለመንገደኛና ለምግብ ዝርዝር ስልኩ ይበቃል፤ አንድ ያልታወቀ ቃል መፈለግም መዝገበ ቃላት ከመግለጥ አይለይም። ሙሉ ዓረፍተ ነገር አስገብቶ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ማውጣት ግን ሌላ ነገር ነው። ማሽኑ «ኢባ» ብሎ በትክክል ይጽፋል፤ ተማሪው ለምን «ፉዊ» እንዳልሆነ አያውቅም፤ መምህሩም የስልኩን ስፓኒሽ ሲያርም ያመሻል። ከላይ ያሰላናቸው የውጭ ሰዓቶች በዚያች ሰኮንድ ዜሮ ይሆናሉ። እንግዲህ መከልከሉ ብቻ መፍትሔ አይደለም። ማሽን የጻፈውን በማሽን ማደን መምህሩን መርማሪ፣ ተማሪውን ተጠርጣሪ ያደርጋል። ማርኩ ወረቀቱ ላይ ሳይሆን ንግግሩ ላይ ካረፈ ግን ተማሪው ቤት ውስጥ ማታለል የሚያተርፈው ነገር አይኖርም፤ ማግስቱን ያለ ወረቀት መናገር አለበታ።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ የድካም ነው። ሌሊት መኪና የሚነዳ ወይም በአረጋውያን መጦሪያ የሚያድር ተማሪ በሳምንት ስድስት ሰዓት ከየት ያምጣ? እዚህ ላይ መምህራኑ መስማት አለባቸው። አምስት ገጽ ባዶ ቦታ ሙላ የሚል አሳይመንት ለደከመ ሰው ቅጣት ነው፤ ብዙ ትምህርትም የለውም። ሥራ ሲሄዱና ሲመለሱ ማዳመጥ፣ ያዳመጡትን ለራስ መልሶ መተረክ፣ ሁለት ደቂቃ ድምፅ ቀድቶ መላክ ግን ጠረጴዛ አይፈልግም። የሥራውን ዓይነት መቀየር ይቻላል፤ ሰዓቱን ግን መማር ለሚፈልግ ሰው የሚቀንስለት የለም።

ሌላው ይሉኝታ ነው፤ የእኛ ልጆች ብቻ ችግርም አይደለም። ከተሳሳትኩ ይስቁብኛል ብሎ ዝም የሚል ተማሪ በየክፍሉ ሞልቷል፣ ማስገደድ ያሸማቅቀዋል የሚሉም አሉ። ነገር ግን በ50 ደቂቃ ክፍል ውስጥ 25 ተማሪ ቢኖርና መምህሩ ሁሉንም በተራ ቢያናግር ለአንዱ የሚደርሰው ሁለት ደቂቃ ነው። ዓይን አፋሩ በሁለቱ ደቂቃ ሲጨነቅ ቆይቶ፣ የቀረውን 48 ደቂቃ ተራዬ አለፈ ብሎ ያርፋል። ተማሪዎቹ ተዘጋጅተው መጥተው ሁለት ሁለት ሆነው ቢያወሩ ግን ሁሉም ግማሹን ሰዓት ይናገራል፤ የሚሰማውም እንደ እሱ የሚንተባተብ ጓደኛው ነው። «ተዘጋጅተህ ና» የሚለው መስመር ትርጉሙ ይህ ነው፤ ያልተዘጋጀ ሰው የራሱን ብቻ ሳይሆን የጓደኛውንም 25 ደቂቃ ይበላል። ለየዕለቱ ንግግር የሚሰጠው ማርክም ለሙከራ እንጂ ለጥራት መሆን የለበትም፤ ስሕተት ማርክ የማያስቀንስ ከሆነ ይሉኝታው ግማሽ ኃይሉን ያጣል። ቤታቸው ስፓኒሽ እየተናገሩ አድገው ለቀላል ኤ የሚመጡት ተማሪዎች ጉዳይ የተለየ ነው፤ ለእነሱ የተለየ ክፍል ያዘጋጁ ኮሌጆች ስላሉ ሌሎቹም ቢከተሏቸው መልካም ነው።

በቃል መፈተን ለመምህሩ አድካሚ መሆኑ አይካድም። ሰላሳ ተማሪ አንድ በአንድ ማናገር ሰላሳ ወረቀት ከማረም በላይ ጊዜ ይወስዳል፣ ለደረጃው ክርክርም በር ይከፍታል። ቢሆንም በስፓኒሽ አለፈ የሚል ማስረጃ ፈርሞ የሚሰጥ ኮሌጅ ይህን ወጪ መሸከም አለበት። የመካከለኛው ክፍል መምህራን ሆይ፣ በሚቀጥለው ሴሚስተር በምታድሉት ወረቀት ላይ የክልከላውን ዝርዝር አሳጥሩና ቢያንስ ግማሹን ማርክ ለአንደበት ስጡ።