ለሩጫ የሚዘጋው መንገድ ለጥያቄያችንም ይከፈት





ኅዳር ሲገባ በየመስጊዶቻችን ደጃፍ ከምንሰማቸው ክርክሮች አንዱ ስለ ታላቁ ሩጫ ነው። ዘንድሮም፣ በ2007 ዓ.ም፣ ወጣቶቻችን ከሱብሒ ሶላት ወጥተው ጫማቸውን እያጠለቁ ይከራከራሉ። አንዱ «ቲሸርቱን ገዝቻለሁ፤ እሮጣለሁ» ይላል። ሌላው «ኮሚቴዎቻችን ታስረው አንተ እንዴት ትጨፍራለህ?» ብሎ ይቆጣዋል። ሦስተኛው ደግሞ «እንሩጥ፤ መሀል ላይ ስንደርስ ግን ድምፃችንን እናሰማ» ይላል። ሦስቱም ወንድሞቻችን ናቸው፤ ሦስቱም የሚናገሩት ከተቃጠለ ልብ ነው። ነገሩ በየደጃፉ ወንድምን ከወንድም እያቀያየመ ከሚቀጥል በግልጽ ብንነጋገርበት ይሻላል ብለን ይህን ጽፈናል።

በመጀመሪያ ሩጫን የምንጠላ ሕዝብ አለመሆናችን ይታወቅ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ጋር በሩጫ መሽቀዳደማቸው፣ በመጀመሪያው እናታችን፣ በሁለተኛው ረሱል መቅደማቸው በሐዲስ ተዘግቧል። የየካ ልጅም ለሩጫ እንግዳ አይደለም። ኮተቤ የስንት አትሌት መኖሪያ እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሱብሒን ሰግደው እግራቸውን ወደ እንጦጦ የሚያቀኑ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3 ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ በባሕር ዛፉ መሀል ላባቸውን የሚያፈሱ ልጆች አሉን።

በዚያው ዳገት ላይ ሌላ ሩጫም አለ። የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው፣ ጎንበስ ብለው ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚወርዱ እናቶች ሩጫ ነው። ሙስሊሟም ክርስቲያኗም አንድ ዓይነት ሸክም ይሸከማሉ። በደረታቸው ቁጥር አይለጠፍላቸውም፤ በየኪሎ ሜትሩ ውኃ የሚያቀብላቸው የለም፤ መኪናም አይቆምላቸውም። ስለ መንገድ ስንናገር እነዚህን እናቶች ባንረሳቸው መልካም ነው።

ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በአትሌት ኃይሌ ገብረሥላሴ አነሳሽነት ተመሥርቶ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው በኅዳር 1994 ዓ.ም ነው። በዚያ ዓመት 10 ሺህ ያህል ሰው ሮጠ፤ አንደኛ የወጣውም ራሱ ኃይሌ ነበር። ዛሬ የተሳታፊው ቁጥር ከሦስት እጥፍ በላይ ሆኗል። መነሻው መስቀል አደባባይ፣ ርቀቱ 10 ኪሎ ሜትር ነው። ሯጩ ቲሸርቱን ገዝቶ ይመዘገባል፤ በቲሸርቱ ላይ የስፖንሰሩ ስም ታትሟል። በዕለቱ የከተማዋ ዋና ዋና መንገዶች ይዘጋሉ። ፖሊስ ሕዝቡን ለመጠበቅ ይሰለፋል፤ አምቡላንስ ይቆማል፤ ሕዝብ ይዘፍናል፣ ይጨፍራል። በዚህ ማንም ቅር አይለውም፤ እኛም አይለንም።

ቅር የሚለን ሌላ ነገር ነው። ያው መንገድ፣ ያው ፖሊስ፣ ያው ሕዝብ በሌላ ቀን እንዴት እንደሚታይ እናውቃለን። ከጥር 2004 ዓ.ም ጀምሮ፣ ከአወሊያ ግቢ ተነስተን፣ ሦስት ጥያቄ ይዘን ቆመናል። የአሕባሽ አስተምህሮ በግድ አይጫንብን፤ የመጅሊስ ምርጫችን በመስጊዶቻችን በነፃነት ይካሄድ፤ አወሊያ ለሕዝበ ሙስሊሙ ይመለስ ብለናል። ምርጫው መስከረም 27 ቀን 2005 ዓ.ም ያለ ፈቃዳችን በቀበሌ ተካሄደ። ጥያቄያችንን እንዲያቀርቡልን የወከልናቸው ኮሚቴዎቻችን በሐምሌ 2004 ተይዘው፣ በፀረ ሽብር ሕጉ ተከሰው ይኸው ሦስተኛ ኅዳራቸውን በእስር እያሳለፉ ነው።

ጁምዓ በመጣ ቁጥር በአንዋር መስጊድ ዙሪያ ሰጋጁ ሞልቶ ወደ አስፋልቱ ይፈስሳል። ሶላቱ እስኪያልቅ ምንም የለም። ሶላቱ አልቆ፣ ድንጋይ ሳንወረውር፣ ብርጭቆ ሳንሰብር፣ እጃችንን አጣምረን ወደ ላይ ስናነሳ ግን መንገዱ ወዲያው የጸጥታ ጉዳይ ይሆናል። «ትራፊክ አወካችሁ» እንባላለን። በአንድ እሁድ ለግማሽ ቀን የተዘጋ መንገድ የልማትና የገጽታ ግንባታ ሲሆን፣ በአንድ ዓርብ ለጥቂት ደቂቃ በዝምታ የተቆመበት መንገድ እንዴት ሽብር ይሆናል? ልዩነቱ ምንድን ነው? የሰው ብዛት ነው እንዳይባል በሁለቱም ቀን ሰው ብዙ ነው። ጩኸት ነው እንዳይባል እሁድ የሚጮኸው ይበልጣል። እኛ የሚታየን ልዩነት አንድ ነው፤ ለአንደኛው ከፋይ አለው፣ ሁለተኛው የዜጋ ጥያቄ ብቻ ነው።

በሕጉ መሠረት ግን መንገድ የሚከፈተው ለከፋይ ብቻ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 ማንም ሰው ከሌሎች ጋር መሣሪያ ሳይዝ በሰላም የመሰብሰብና ሰላማዊ ሰልፍ የማድረግ መብት እንዳለው ይደነግጋል። አዋጅ ቁጥር 3/1983ም ሰልፍ የሚያደርግ ወገን ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ይጠይቃል። ማሳወቅና ስፖንሰር ማምጣት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

አንዳንዱ «ለዒድ መንገድ ይዘጋላችሁ የለም ወይ?» ይለናል። አዎ፣ ይዘጋልናል፤ አንክድም። የ2005 ዓ.ም ዒድ አልፈጥርን ግን ልናስታውሰው እንወዳለን። ነሐሴ 2 ቀን ነበር። በዒድ ልብሳችን ከስታዲየሙ አካባቢ ስንመለስ ዱላ ጠበቀን፤ ብዙ ወንድሞችና እህቶች ተደበደቡ፣ ታሰሩ። ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ብቻ አለፈ። ነሐሴ 4 ቀን በሞስኮ የዓለም ሻምፒዮና ኢብራሂም ጄይላን በ10 ሺህ ሜትር የብር ሜዳልያ አመጣ፤ ከሁለት ዓመት በፊት በዴጉ በዚሁ ርቀት ወርቅ ያጠለቀው ኢብራሂም። ነሐሴ 7 ቀን ሙሐመድ አማን በ800 ሜትር ወርቅ አገኘ፤ በዚህ ርቀት ለሀገራችን የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ ነው። ሰንደቁ ተሰቀለ፤ በየቴሌቪዥኑ «ልጆቻችን» ተባለ። እኛም በየቤታችን አልሐምዱሊላህ አልን፤ አለቀስንም። በዚያ ሳምንት ከእኛ ቤት ፊቱ ያበጠ ልጅ ቁጭ ብሎ የኢብራሂምንና የሙሐመድን ሩጫ ይመለከት ነበር። ኢብራሂምና ሙሐመድ ሲሮጡ የሀገር ልጆች ከሆኑ፣ ኢብራሂምና ሙሐመድ ተብለው የተጠሩ ልጆች በአደባባይ ሲጠይቁም የሀገር ልጆች ናቸው።

አሁን ወደ ሦስቱ ወንድሞቻችን እንመለስ።

«አትሩጥ» ለሚለው ወንድማችን፦ ቁጣህ ይገባናል። ኮሚቴዎቻችን ቤት ያለውን ሐዘን እያሰበ እግሩ ለጭፈራ እንቢ ያለው ሰው ካለ፣ ይህ የክብር ስሜት ነው፤ ማንም «ሩጥ» ሊለው አይገባም። ነገር ግን የሮጠውን ወንድምህን ከሃዲ አትበለው። ሙዚቃውን፣ መቀላቀሉን፣ አለባበሱን በተመለከተ ዑለማዎቻችንን እንጠይቅ እንጂ በየደጃፉ ፈትዋ አንስጥ። ደግሞም ልብ በል። ይህን ሁሉ ዓመት ስንናገር የኖርነው «እንግዶች አይደለንም፤ የዚህች ሀገር ባለቤቶች ነን» እያልን ነው። ኮሚቴዎቻችን የታሰሩትም ይህን ስላሉ ነው። አደባባዩን፣ ሜዳውን፣ የእሁድ ጠዋቱን ሁሉ እየተውን ከመስጊድ ወደ ቤት ብቻ የምንመላለስ ከሆነ፣ «የእናንተ አይደለም» ለሚሉን ሰዎች ሥራቸውን እየሠራንላቸው ነው።

«መሀል ላይ ድምፃችንን እናሰማ» ለሚለው ወንድማችን፦ ድፍረትህን እናደንቃለን። ባለፈው ዓመት የካቲት 30 ቀን በሴቶች የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ ላይ የሰማያዊ ፓርቲ ወጣት ሴቶች ስለ ነፃነትና ስለ ታሳሪዎች መፈክር አሰምተው መታሰራቸውን ሁላችንም ሰምተናል። ሐሳቡን በቃሉ የገለጸ ሰው መታሰሩ በደል ነው፤ ፓርቲያቸው የእኛ ባይሆንም በደሉን በደል ከማለት አንመለስም። እኛ ግን የራሳችንን መንገድ እንድንመርጥ እንመክራለን። በዚያ ጠባብ መንገድ ላይ ሕፃን ያዘለ አለ፣ አዛውንት አለ፣ ስለ ጉዳያችን ምንም የማያውቅ እንግዳ አለ። አንድ ጥይት ወይም አንድ ጭስ ቢተኮስ ሕዝቡ እርስ በርሱ ይረጋገጣል። ለሚወድቀው ሕፃን አላህ ዘንድ የምንጠየቀው እኛም ነን። ይህ ሦስት ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ትግል እስካሁን የቆመው እያንዳንዱን እርምጃ አስበን፣ ተማክረን፣ በአንድነት ስለምናደርግ ነው።

ይህን ፍርሃት ነው የሚል ይኖር ይሆናል። የፈራ ሰው በየጁምዓው በካሜራና በዱላ ፊት ፊቱን ገልጦ አይቆምም። ጥያቄያችን በሌላ ሰው ቲሸርት ውስጥ ተደብቆ የሚገባ አይደለም። የራሱ ቀን፣ የራሱ ቦታ፣ የራሱ ስም አለው።

«እሮጣለሁ» ለሚለው ወንድማችንና ለምትለው እህታችን፦ ሩጡ። ነገር ግን ሩጫችሁ ዝምታችሁን እንዳይገዛ ተጠንቀቁ። በማግሥቱ ያ ሁሉ ሺህ ሕዝብ በአንድ ቀለም ሲያጥለቀልቅ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ይወጣል። «ይህች ናት ኢትዮጵያ፤ ሁሉም ሰላም ነው፤ ሁሉም አንድ ነው» ይባልበታል። በአንድ ቲሸርት መሮጥና በአንድ ሕግ መዳኘት የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው ለአንድ ጠዋት ነው፤ የምንጠይቀው ሁለተኛውን ነው። ስለዚህ የምትሮጡ ሁሉ የሚከተለውን አደራ እንድትቀበሉን እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ ከመውጣታችሁ በፊት ሱብሒን በጀመዓ ስገዱ፤ ዙህርም አይለፋችሁ። እህቶቻችን በሒጃባቸው ላይ ቲሸርቱን ደርበው ቢሮጡ የሚያፍሩበት ምንም ነገር የለም።

ሁለተኛ፣ የመጠጥ ስም የተጻፈበት ነገር ቢታደላችሁ አትቀበሉ፤ በትህትና «አይ፣ አመሰግናለሁ» በሉ። የስፖርት ሜዳዎቻችንን የቢራ ማስታወቂያ እንዴት እንደሞላቸው የምታውቁት ነው።

ሦስተኛ፣ ለቲሸርቱ የከፈላችሁትን ያህል ገንዘብ ለታሳሪ ቤተሰብ አውጡ። አባታቸው የታሰረባቸው ልጆች ደብተር፣ የቤት ኪራይ፣ የእስር ቤት መመላለሻ ታክሲ ሁሉ ገንዘብ ይፈልጋል። ለአንድ ጠዋት ደስታ የሚወጣ ገንዘብ ካለ ለእነሱም አይጠፋም። የማትሮጡም ብትሆኑ በዚህኛው ተሳተፉ፤ በዚህ ሩጫ ኋላ የሚቀር የለም።

አራተኛ፣ ማንም ጋዜጠኛ ማይክ ቢያቀርብላችሁ እውነቱን በጨዋነት ተናገሩ። «ደስ ብሎኛል፤ ሕዝቡ ደስ ይላል፤ ኮሚቴዎቻችን ቢፈቱ ደግሞ ደስታዬ ሙሉ ይሆን ነበር» ማለት ሕግ መጣስ አይደለም። ቆርጠው ቢያስቀሩትም እናንተ ተናግራችኋል።

ለመንግሥት አካላት የምንለው አጭር ነው። በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ በመንገድ ላይ ወጥቶ በሰላም ሊገባ እንደሚችል በየዓመቱ ኅዳር ራሳችሁ ታሳያላችሁ። መንገድ መዝጋት፣ ፖሊስን ለጥበቃ ማሰለፍ፣ አምቡላንስ ማቆም ታውቁበታላችሁ። ያንኑ ዕውቀት ለጥያቄያችን አውሉት። በመንገድ ላይ የቆመውን ሕዝብ ሯጭም ሆነ ጠያቂ በአንድ ዓይን እዩት።

ለስፖንሰር ድርጅቶችም አንድ ቃል አለን። ስማችሁ በደረታችን ላይ ሲታተም ደንበኞቻችሁ ነን፤ ቲሸርቱን ስናወልቅም ሰዎች ነን። የሮጥንበትን ፎቶግራፍ ለንግዳችሁ ብትጠቀሙበት የእናንተ ጉዳይ ነው። ሰላማችን ተሟልቷል ብላችሁ እንዳትመሰክሩበት ግን አደራ እንላለን።

እሁድ ሩጫው ያልቃል፤ መንገዱ ለመኪና ይከፈታል። ሰኞ ጠዋት የእንጦጦ እናቶች ሸክማቸውን ይዘው ይወርዳሉ፤ ልጆቻችን ከሱብሒ በኋላ ዳገቱን ይወጣሉ። ዓርብ ደግሞ እኛ እንደ ወትሯችን በሰላም፣ በሥርዓት፣ በአንድነት እንቆማለን። የእኛ ሩጫ ከ10 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። እስከ ፍጻሜው በሰብር እንዘልቃለን፣ ኢንሻአላህ።

ድምፃችን ይሰማ!

አላሁ አክበር!