ሕግ አስከባሪው ሕግ ይማር!

በአገራችን ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲጣሉ ሦስተኛው «በሕግ አምላክ!» ካለ፥ የተነሣው ዱላ ይወርድ እንደ ነበር አባቶቻችን ይነግሩናል። ሕዝባችን ፊደል ሳይቆጥር ሕግን ያከብር ነበር ማለት ነው። ታዲያ ሕግ እንዲያስከብር መለዮ የለበሰው ሰው ሕጉን ምን ያህል ያውቀዋል ብለን ብንጠይቅ እንደ ድፍረት ሊቆጠርብን አይገባም።

ባለፈው መንፈቀ ዓመት በግቢያችን በር ጫማ የሚጠርግ አንድ ሊስትሮ ዓርብ ማታ ተይዞ ስለ ነበር፥ ከመካከላችን ሁለታችን ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። «በምን ምክንያት ተያዘ?» ብንል «ሲጣራ ይታወቃል» ተባልን። «ፍርድ ቤት መቼ ይቀርባል?» ብንል «ቅዳሜና እሑድ አይቆጠርም» ተባልን። ልጁ ማክሰኞ ማታ ተለቀቀ፤ ለምን እንደ ታሰረ ግን እስከ ዛሬ አልተነገረውም። ያነጋገረን ፖሊስ ክፉ ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም ለልጁ ዳቦ እንድናስገባ ፈቅዶልናል። የጐደለው ደግነት ሳይሆን ዕውቀት ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በ19ኛው አንቀጽ፥ የተያዘ ሰው ምክንያቱ በሚገባው ቋንቋ ወዲያውኑ እንዲነገረው፥ በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። ከ48ቱ ሰዓት ውጭ የሚታሰበው ፍርድ ቤት ለመድረስ በአግባቡ የሚያስፈልገው የጕዞ ጊዜ ብቻ ነው፤ ስለ እሑድ የተጻፈ ነገር የለም። ያለመናገር መብትም አዲስ አይደለም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፥ ተጠርጣሪው መልስ ላለመስጠት እንደሚችል ፖሊሱ እንዲነግረው ያኔውኑ ደንግጎ ነበር። ይህን ከስድሳ ዓመት በኋላ እንደ አዲስ ወሬ የሚሰማ ፖሊስ ካለ ጥፋቱ የማን ነው?

አንዳንዶች «ሕግ የበዛበት ፖሊስ እጁ ይታሰራል፤ ሌባው ያመልጣል» ይሉናል። ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው። በማስገደድ የተገኘ ቃል በማስረጃነት ተቀባይነት እንደሌለው ያው 19ኛው አንቀጽ ደንግጓል። እንግዲህ ተጠርጣሪውን በጥፊ ያናዘዘ መርማሪ፥ የያዘው እውነተኛውን ሌባ ቢሆን በገዛ እጁ ማስረጃውን ያበላሻል፤ ንጹሕ ሰው ቢሆን ደግሞ ሌባው ውጭ ይቀራል።

ሌሎች «ሕግ የሚያስጥሰው ከላይ የሚመጣው ትእዛዝ ነው» ይላሉ። ይህ እውነትነት አለው፤ አንክደውም። ነገር ግን ሕግ የማያውቅ ሰው ሕገ ወጡን ትእዛዝ ከሕጋዊው በምን ይለየዋል? የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በ424ኛው አንቀጽ እስረኛን የሚያንገላታውን ብቻ ሳይሆን ያዘዘውንም ይቀጣል። ይህን የሚያውቅ ኮንስታብል ቢያንስ «ጌታዬ፥ ትእዛዙን በጽሑፍ ይስጡኝ» ለማለት መነሻ አለው። ትምህርት ብቻውን ሰውን ጀግና አያደርግም፤ የማያውቁትን መብት ግን ጀግናም አያስከብረውም።

ፖሊስ ሁሉ የሕግ ዲግሪ ይኑረው አንልም። ተራው ፖሊስ ስለ መያዝ፥ ስለ መበርበር፥ ስለ መጠየቅና ስለ 48ቱ ሰዓት በቃል ጥናት ሳይሆን በእውነተኛ ጉዳዮች ተምሮ፥ ተፈትኖ ሳያልፍ ዱላና መሣሪያ አይሰጠው። መርማሪው የማስረጃንና የሥነ ሥርዓትን ሕግ ጠንቅቆ ይወቅ። የጣቢያ አዛዡ ግን ከዐቃቤ ሕጉ ጋራ እኩል የሚከራከር የሕግ ምሩቅ ይሁን። እኛም የሕግ ተማሪዎችና መምህራኖቻችን፥ አንቀጹን በፈተና ወረቀት ላይ ብቻ ከምናስቀረው፥ በየጣቢያው የማታ ትምህርት ለመስጠት ፈቃደኞች እንሁን።

የድኻ የመጀመሪያ ዳኛው በችሎት የተቀመጠው ሳይሆን በሌሊት በሩን የሚያንኳኳው ፖሊስ ነው። አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፥ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» ይላሉ። ሊስትሮው ያጣው አራት ቀን ብቻ ነው የሚል ካለ፥ ያ አራት ቀን ጭብጦው ነበር።