ዋጋው በሕፃናት ተከፍሏል

ያለ በሽታ መከላከያ ኃይል የሚወለዱ ሕፃናትን በጂን ሕክምና ለማዳን እ.ኤ.አ. በ1999 ፓሪስ ላይ ሙከራ ተጀመረ፤ ለንደንም ተከተለች። ከ20ዎቹ ሕፃናት አብዛኞቹ ዳኑ። ግን ጤነኛውን ጂን የተሸከመው ቫይረስ ካንሰር ቀስቃሽ ጂን አጠገብ እየገባ 5ቱን ለደም ካንሰር ዳረገ፤ አንዱ ሞተ። ሐኪሞቹ ጉዳቱን አልደበቁም። ከዚያ ትምህርት ተወስዶ የተሻለ ተሸካሚ ቫይረስ ተሠራ። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣ ጥናት ኤ.ዲ.ኤ. የሚባለው ኢንዛይም ጎድሏቸው ከታከሙ 50 ልጆች ሁሉም በሕይወት ነበሩ፤ በ48ቱ ሕክምናው ሠርቷል።

እንግዲህ ይህንን ሕክምና ነው የንግድ መብቱን ይዞ የነበረው ኩባንያ ለሌሎች ሥራዎቹ ቅድሚያ ሰጥቶ የተወው! በእኔ አስተያየት ሕመምተኛው ጥቂት ለሆነ በሽታ መድኃኒቱን ለገበያ ብቻ መተው አይገባም፤ መንግሥታትና ዩኒቨርሲቲዎች ይረከቡት። የመጀመሪያዎቹ ሕፃናት የከፈሉት ዋጋ እንዴት መደርደሪያ ላይ ይቀራል?