የኩራዝ ናፋቂዎች

ኩራዝን ያወደስንበትን ስንኝ ሁሉ ብንሰበስበው አንድ ጎተራ ሳይሞላ አይቀርም። እኔም ከበደለኞቹ አንዱ ነኝ። ተማሪ ሳለሁ የኩራዝን ነበልባል «የእናቴ ዐይን» ብዬ ገጥሜለታለሁ፤ ግጥሙን የጻፍኩት በአምፖል ብርሃን መሆኑን ግን ለማንም አልተናገርኩም።

ባለፈው የገና ሰሞን የዓመት ዕረፍቴን ይዤ ሰሜን ሸዋ፣ አክስቴ ዘንድ አምስት ሌሊት አደርኩ። የመብራት ምሰሶ እዚያ አልደረሰም። በቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ግን ከትሪ እምብዛም የማይበልጥ ሶላር ተቀምጧል፤ ቀን ባትሪውን ይሞላል፣ ማታ ሦስት አምፖል ያበራል። የልጅ ልጇ እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት አንገቱን ደፍቶ ያነባል። እኔ የከተማው ገጣሚ ታዲያ «ኩራዙስ የት ሄደ? ደስ ይል ነበር እኮ!» አልኩ።

«ልጄ፣» አለችኝ፣ «አንተ የምትወደው ጧት ጧት ጥቀርሻውን ካፍንጫህ ስላልጠረግህ ነው።»

ናፋቂዎቻችን ለዚህ ምን ይመልሱ ይሆን? «የጨለማው ውበትስ? ከዋክብቱስ?» ይሉኛል። አክስቴ ማብሪያውን ስታጠፋው ከዋክብቱ እንደ ድሯቸው በሰማዩ ሞልተው ነበር። ልዩነቱ አንድ ነው፤ ያን ሌሊት ጨለማውን የመረጠችው እሷ ናት። መብራት የሌለው ሰው ጨለማን አይመርጥም፤ ይመሽበታል እንጂ።

ይህን ስል ግን «ፀሐይ ሁሉን ፈታችው» ከሚሉት ጎራ አሰልፉኝ ማለቴ አይደለም። በባንክ መስኮት ጀርባ የምውል ሰው ነኝና ወጪና ገቢውን ሳላስተያይ አላምንም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይፈልጋል፤ የአክስቴ ሶላር ጥቂት አሥር ዋት ቢሰጥ ነው። ስለዚህ ዛሬም ከጓሮ፣ በእንጨትና በኩበት ጢስ እየታጠነች ትጋግራለች። ብርሃኑ ለመጽሐፉ ደረሰ፤ ለምድጃው ግን አልደረሰም። ባትሪውም ዕድሜ አለው፤ የሞተ ዕለት የሚጠግን ባለሙያ በቅርብ የለም።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም እስከ 2025 እ.ኤ.አ. ለሁሉም ዜጋ፣ 65 በመቶውን ከዋናው መስመር፣ 35 በመቶውን ከመስመር ውጭ፣ መብራት ለማዳረስ አቅዶ ነበር። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው የዓባይ ግድብ ተመረቀ፤ እኔም በደስታ አነባሁ። የጊዜ ገደቡ አለፈ። አክስቴ ግን ሶላሩን የገዛችው ሁለት በግ ሸጣ ነው። ፀሐያችንን «የ13 ወር ፀጋ» እያልን ለባዕድ ጎብኚ ስናስተዋውቅ ኖረን፣ የገዛ ወገናችን ግን ከዚያች ፀሐይ ሦስት አምፖል ለማብራት በጎቹን ይሸጣል።

እንግዲህ ገጣሚ ሆይ፣ ብዕርህ የሚቆረቆር ከሆነ ስለሌለው ምጣድ፣ ስለሚያረጀው ባትሪ ይቆርቆር። ኩራዝን መናፈቅ ከወደድህም መጀመሪያ አንድ ወር በኩራዝ አንብብ። እኔ ያን የተማሪነት ግጥሜን ሰርዤዋለሁ። የእናቴ ዐይን በጢስ ሲያለቅስ የኖረ ነበር፤ ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም።