«ኔትወርክ ነው» አትበሉን፤ በሩን የዘጋው የራሳችሁ ሰርቨር ነው

ደሴ ፒያሳ ላይ ጉዳይ ይዞ ቢሮ የገባ ሰው «ኔትወርክ የለም» ሳይባል የወጣበት ቀን ካለ ዕድለኛ ነው። ኮምቦልቻም ወርዶ ያው ነው። ሰነዱ ከቅርንጫፉ ወደ ዋናው ሰርቨር አልሄደም፤ ፎቶው አልተጫነም፤ ሪፖርቱ «እየላከ ነው» ተብሎ ሰዓቱ አለፈ። ባለጉዳዩ «እሺ፣ ነገ እመለሳለሁ» ብሎ ይወጣል። ነገም ያው ነው።

«ኔትወርክ» የሚባለው ጥፋተኛ ስም እንጂ አድራሻ የለውም። አይጠየቅም፣ አይገመገምም፣ ደመወዙ አይቆረጥም። ለዚህ ነው ሁሉም የሚወደው።

ሰበቡ የሚታመንበት ምክንያት አለ። እዚህ አገር ኢንተርኔት በእውነት ሲዘጋ ኖሯል። በ2004 ቶር የተባለው መሸሸጊያ መረብ ከኢትዮጵያ ሲታገድ ጉዳዩ የዓለም ዜና ነበር። በየካቲት 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ታግደው አምስት ወር ገደማ ሕዝቡ በቪፒኤን ኖረ። በሐምሌ 2015 መጨረሻ ደግሞ ከአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ጋር የአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ተቋረጠ፤ ለወራትም አልተመለሰም። ይህን ያየ ሕዝብ «ተዘግቷል» ሲባል «ማን ዘጋው?» ብሎ አይጠይቅም። ከላይ ነው ብሎ ያልፋል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። መንግሥት የዘጋው በር መንግሥት ያልዘጋውንም በር መደበቂያ ሆነ። የመስኮቱ ሠራተኛ በስልኩ ቪዲዮ እያየ «ኔትወርክ የለም» ይላል፤ ቪዲዮው ግን አልቆመም! ኢንተርኔቱ አለ። የቆመው የቢሮው ፋይል ብቻ ነው። ታዲያ ፋይሉን ያቆመው ማነው?

በብዙ ቢሮ መልሱ የሰርቨሩ ፋየርዎል ነው። ነገሩ ምትሃት አይደለም። ብዙ መሥሪያ ቤቶች ዛሬም ፋይል የሚልኩት ኤፍቲፒ በሚባለው ዘዴ ነው፤ የመጀመሪያ ንድፉ በፈረንጆቹ 1971 የወጣ አሮጌ ዘዴ ነው። ኤፍቲፒ በሁለት በር ይሠራል። በአንደኛው፣ በ21 ቁጥር ፖርት፣ ስምና የይለፍ ቃል ይገባል፤ ትእዛዝ ይተላለፋል። ፋይሉ ራሱ ግን በዚያ በር አያልፍም። ሰርቨሩ ለላኪው «ፋይሉን በዚህኛው በር አምጣ» ብሎ ሌላ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ያ ቁጥር በየጊዜው ይለዋወጣል። አሁን ግቢ ያለው ሰው ያስብ። የቤቱ ባለቤት እንግዳውን «በጓሮ በር ግባ» ይለዋል፤ ለጓሮው ዘበኛ ግን አልነገረውም። እንግዳው ቆሞ ያንኳኳል፤ ዘበኛው ዝም። ዘበኛው ምን አጠፋ? ያልታዘዘውን በር አልከፈተም፤ ሥራው ነው። ያጠፋው ባለቤቱ ነው።

ምልክቱም ለማንም ይታያል። የይለፍ ቃሉ ይቀበላል፣ «ገብተሃል» ይላል፤ ከዚያ የፋይል ዝርዝሩ ሲጠየቅ ድርቅ ይላል። ኔትወርክ የሌለ ቢሆን መጀመሪያውኑ ማን አስገባው? ኮምፒውተሩ የሚሰጠው መልእክትም ይናገራል። «ግንኙነቱ ተከለከለ» ብሎ ወዲያው ከመለሰ አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑ ተገኝቷል፣ በዚያ ፖርት ላይ የሚሠራ ፕሮግራም ግን የለም። ረጅም ጊዜ ጠብቆ «ጊዜው አለፈ» ካለ፣ ሌላው ኢንተርኔት እየሠራ እያለ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፋየርዎል ነው።

መፍትሔውም የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ሰርቨሩ የሚሰጣቸው ቁጥሮች በጠባብ ክልል ይወሰናሉ፤ ለምሳሌ ከ50000 እስከ 50100። ፋየርዎሉ ላይ ያው ክልል ይከፈታል፤ ለሚታወቁት ቅርንጫፎች ብቻ ቢሆን ደግሞ የተሻለ። ሰርቨሩ የተከራዩት ከሆነ የአከራዩ ሁለተኛ ፋየርዎልም ይታያል፤ ብዙ ሰው የሚረሳው እሱን ነው። ከሁሉ የሚሻለው አሮጌውን ትቶ ወደ ኤስኤፍቲፒ መሄድ ነው፤ ሁሉም በአንድ በር፣ በ22፣ ተመስጥሮ ያልፋል።

በየቢሮው የሚደረገው ግን ከሁለት አንዱ ነው። የመጀመሪያው «ፋየርዎሉን አጥፋውና ይሠራል» የሚለው ነው። አዎ፣ ይሠራል! አጥር አፍርሶ በር ተከፈተ እንደማለት ነው። ኤፍቲፒ የይለፍ ቃልን ሳይመሰጥር እንደሚልክ ለሚያውቅ ይህ ድፍረት ነው። ሁለተኛው የሕዝብን ሰነድ በግል ቴሌግራም መላክ፣ ወይም በፍላሽ ይዞ በታክሲ ሐረጎን መውረድ ነው። የመታወቂያ ኮፒ፣ የሕክምና ወረቀት፣ የደመወዝ ዝርዝር በሠራተኛ ስልክ ውስጥ ይቀራል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የወጣው ለጌጥ አይደለም።

«ሰርቨሩ አዲስ አበባ ነው፤ እኛ ምን እናድርግ?» የሚል መልስ ይመጣል። ግማሹ እውነት ነው። የደሴ ባለሙያ የማይነካው ሰርቨር ላይ ፖርት ሊከፍት አይችልም። ግን ስንት ሰዓት ላይ፣ የትኛው ፖርት፣ ምን መልእክት እንደተሰጠ ጽፎ መላክ ማን ከለከለው? «ኔትወርክ እያስቸገረን ነው» የሚል ደብዳቤ አዲስ አበባ ደርሶ ምንም አይፈታም። «እስከ መግቢያው እንገባለን፣ ዝርዝሩ ላይ ይቆማል» የሚል አንድ መስመር ግን ኃላፊነቱን ከባለቤቱ ደጅ ያስቀምጠዋል። ደመወዙ ትንሽ፣ ሥልጠናው የለም የሚለውም እውነት ነው፤ እሱ ደግሞ የሚጠየቀው ከኃላፊው ነው እንጂ ከባለጉዳዩ ጊዜ የሚቆረጥ አይደለም።

ነገሩ የወረፋ ምሬት ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ደሴና ኮምቦልቻ ከጥቅምት እስከ ህዳር 2014 የሆነውን ያውቃሉ። ወሎ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ የሕዝብ ተቋማት ንብረታቸው ተዘረፈ፣ ወደመ። ኮምፒውተር በገንዘብ ይተካል። በሌላ ከተማ ቅጂ የሌለው መዝገብ ግን በምንም አይተካም። ከዚያ በኋላ በየዕለቱ ወደ ሌላ ሰርቨር ቅጂ መላክ የቅንጦት ሥራ ሊሆን አይችልም።

እዚህ ላይ ነው ፋየርዎሉ የሚያስፈራው። ሁለተኛው በር ሲዘጋ ፋይሉ ስሙ ብቻ ሄዶ ይዘቱ ሊቀር ይችላል። ሩቅ ባለው ሰርቨር ፎልደሩ ሲከፈት ስሞቹ ተደርድረዋል፣ ቀኑም ልክ ነው፤ መጠኑ ግን 0። ኃላፊው «ባክአፕ አለን» ብሎ ሪፖርት ያደርጋል፤ ያለው ባዶ ፖስታ ነው። ይህ የሚታወቀው ደግሞ ዋናው የጠፋ ዕለት ነው።

ስለዚህ የየቢሮው ኃላፊዎች ሦስት ነገር ያድርጉ። ዛሬ የባክአፑን ፎልደር አስከፍተው የፋይሉን መጠን በዓይናቸው ይዩ፤ አንዱን ፋይልም መልሰው አውርደው ይክፈቱት። «ኔትወርክ ነው» የሚል ባለሙያ የትኛው ፖርት እንደቆመ በጽሑፍ ያቅርብ። ባለጉዳይን በምስክር ወረቀቱ ፋንታ በ«ነገ ና» መሸኘትም ይቁም።

ባለጉዳዩም አንድ ጥያቄ ይልመድ፦ «ሌላው ሁሉ እየሠራ የእኔ ፋይል ብቻ ለምን ቆመ?» መንግሥት ኢንተርኔት ሲዘጋ መንግሥትን መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ጥያቄውም ገና አላለቀም። የራሱን በር ዘግቶ በመንግሥት የሚያሳብበው ግን በዚያ ጥያቄ ጥላ ሥር መተኛቱ ይብቃው።